የሄዋን ጉልበትና የሐኪሙ ወረቀት

ሄዋን ከሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ተንሸራታ በጉልበቷ የወደቀችው የሩጫ ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ አስተማሪዋ ሮኒት ከክፍሉ ሁሉ መርጣ በአሽዶድ ባሕር ዳርቻ ለሚሮጠው ያስመዘገበቻት እሷን ብቻ ነው። እናቷ ታንጉት ያበጠውን ጉልበት ስታይ ደነገጠች፤ ከምታጸዳበት ቢሮ አስፈቅዳ፣ ልጇን አዝላ ቁፓት ሆሊም ከሚሉት የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሐኪም ዘንድ ደረሰች።

ታንጉት ከጎንደር ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዕብራይስጧ ከባልዲና ከመጥረጊያ አያልፍም። በባንክም በትምህርት ቤትም የምታስተረጉምላት ሄዋን ናት። ታዲያ የገዛ ጉልበቷን ነገር ያስተረጎመችውም እሷው ሆነች።

ዶክተር አሃሮን ጉልበቱን ጫን ጫን አደረገ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ ብዙ ተናገረ፣ ወረቀት ጻፈ።

«ምን አለ?»

«ምንም አይደል፣ ይለቅሻል አለ። ወረቀቱን አስቀምጡት አለ።»

ማስቀመጥማ ማን እንደ ታንጉት! ጎንደር ላይ ሰባት ዓመት ሙሉ የመግቢያ ወረቀት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ ማኅተም ያለበትን ነገር እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው። በላስቲክ ጠቅልላ ከመታወቂያዎቹ ጋር ሻንጣ ውስጥ ቆለፈችበት። ጉልበቱን ቅቤ ቀባችው፣ በሻሽ አሰረችው፤ ልቧም አረፈ።

በውድድሩ ቀን ሄዋን መንገዱን ሳታጋምስ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር አነከሰች፤ እናቷ በጠየቀቻት ቁጥር «ይለቅሻል ብሏል» ትላለች። እግሯ ወደ ውስጥ መጣመም ሲጀምር ታንጉት ላስቲኩን እንዳለ ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሰች።

ዶክተር አሃሮን ወረቀቱን ገልጦ ቀኑን ሲያይ ደሙ ፈላ፤ በቁጣ ተናገረ። ሄዋን አመድ መሰለች።

«ምንድን ነው? ምን አለ?»

«የዚያን ለት... በዚህ ወረቀት ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ፣ ራጅ ተነሺ፣ እንዳትረግጭበት ብሎኝ ነበር። እማየ፣ ታሃሩቱ፣ ውድድሩ እንዳያመልጠኝ ብየ ነው። ከዚያ በፊት ለምንም መርጠውኝ አያውቁም።»

የታንጉት እጅ ተነሣ፤ መልሳ አወረደችው።

«አሁንስ ይድናል ወይ በይው።»

ሄዋን ጠይቃ መልሱን እየቆራረጠች አመጣችው። አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ባንድ ጎኑ ሞቷል፤ ቀዶ ጥገና መጣመሙን ቢቀንሰው ነው እንጂ እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ መሮጥ የሚባል ነገር የለም። ታንጉት ለቁጣ እንኳ አቅም አጣች።

ሐኪሙ ብዕሩን አንሥቶ እንደገና ጠየቀ።

«ለምን ሳትሄዱ ቀራችሁ ይላል» አለች ሄዋን።

«እናቴ ረሳችው በይው።»

«እማየ...»

«በይው! እኔ ምን እንዳልሆን ነው? አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ እንዲጽፉብሽ አልፈልግም።»

ሄዋን ተናገረች። ዶክተር አሃሮን ታንጉትን ከላይ እስከ ታች አያትና አንድ ነገር አላት። ሄዋን አላስተረጎመችውም፤ ፊቷን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ቀብራ ተንሰቀሰቀች። ታንጉትም ምን አለ ብላ አልጠየቀችም።