ደካማው ቱቦ

ቶኩማ ሃርሞኒካ ሲነፋ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጆሮውን ማስጠጋት ነበረበት። ጥይት በግራ ጎኑ ገብቶ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሐኪሞች የግራ ሳንባውን ግማሽ ቆርጠው አውጥተዋል። ጊንጪ ያስተምር የነበረውን የተወው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ መናገር ስላቃተው ነው። የቀረው ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ብቻ ነበር፤ ከስልክ እየሰማ ለብቻው የተማረው፣ ድምፁን ጎንበስ እያደረጉ የሚያስለቅሱት ጨዋታ።

የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ቡድን ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት አላቸው። ለቶኩማ አምስት ደቂቃ ሰጥተውታል። አምናም ሰጥተውት ነበር፤ ከበሮውና ጊታሩ ዋጡት። ከዚያ ወዲህ ለእህቱ ለዱረቲ የሚላት አንድ ነገር ነው።

"አንድ ጊዜ ይስሙኝ፣ ዱሬ። ከዚያ በኋላ እተወዋለሁ።"

ዱረቲ የፊዚክስ መምህርት ናት። ሐኪሙ ያለውን ከወንድሟ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ነበረች። መንፋት ይችላል፣ ግን በቀስታ፤ ካስገደደው የቆሰለው ቦታ ይደማል። ስለዚህ ትንሽ ትንፋሽ ተቀብሎ ብዙ ድምፅ የሚሰጥ አምፕሊፋየር ልትፈልግለት ወጣች።

ገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑት ኦቦ ዱጋሳ የወንድሟን ነገር ሰምተው ሁለት አሳዩዋት።

"ይሄ የሠርግ ነው" አሉ ትልቁን ጥቁር ሣጥን በእግራቸው ነካ እያደረጉ። "የሰጠሽውን ያንኑ አግዝፎ ይመልስልሻል። ሹክሹክታ ከሰጠሽው ትልቅ ሹክሹክታ ነው።"

ሁለተኛው ከሻንጣ የማይበልጥ አሮጌ የእንጨት ሣጥን ነበር። ከኋላው ሦስት የመስታወት ቱቦዎች ተሰክተዋል። ኦቦ ዱጋሳ ሲያበሩት ቱቦዎቹ ወዲያው አልነቁም፤ ቀስ እያሉ ውስጣቸው እንደ ፍም ቀላ።

"ይሄኛው ግን፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሲበዛበት ይሻክራል። ድምፁ ይሰነጠቃል። ለስብሰባ የማይሆነው ለዚያ ነው።"

"ለወንድሜስ?"

"ወንድምሽ የሚፈልገው የተሰነጠቀ ድምፅ አይደል እንዴ?"

እሑድ ማለዳ ሳሎን ውስጥ ገጣጠሙት። ቶኩማ ማይኩንና ሃርሞኒካውን በሁለት መዳፉ አፍኖ ያዘ፤ አየር እንዳያመልጥ ጣቶቹን ገጠመ። ከዚያ ሻማ እንኳ የማያጠፋ ትንፋሽ ሰጠው። ከሣጥኑ የወጣው ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነበር፤ የብርጭቆ መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ። ቶኩማ ሳቀ። ዱረቲ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል።

ደስ ብሏት የድምፁን ቁልፍ ትንሽ ጨመረችው። ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ከስፒከሩ ሰማና ጮኸ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እየወጣ የሚሄድ ጩኸት። ደንግጣ ቁልፉን በተሳሳተው አቅጣጫ አዞረችው፤ ባሰበት። ሶኬቱን እስክትነቅለው ድረስ ጩኸቱ ሰፈሩን አዳረሰ።

በዚያ ሰፈር ማለዳ ከቤት ኡኡታ ሲሰማ ማንም ቆሞ አይጠይቅም። ጎረቤታቸው አደ ዘርትሁን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን በርግደው ገቡ። "ማል ታኤ? ምን ሆነ? ያ ዋቃዮ! ቶኩማ!" ከኋላቸው ሦስት የዕድሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ድንኳኑን የሚያመጣ ሰው ልኮ ነበር።

"ገና ነኝ፣ አደ ዘርትሁን" አለ ቶኩማ ሳል እያቋረጠው። "ሲደርስ እልክብዎታለሁ።"

"አፍህን ዝጋ!" ትከሻውን መቱት። ከዚያ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ጠረጉ። "መንገዱን ሁሉ አልቅሼልህ መጣሁ'ኮ፣ አንተ ልጅ።"

ሰዎቹ እስኪወጡ ዱረቲ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ሰኞ ኦቦ ዱጋሳ ዘንድ ተመልሳ ጩኸቱን ነገረቻቸው።

"የመጀመሪያው ቱቦ ነው ሁሉን የሚያገዝፈው" አሉና ከካርቶን ውስጥ ሌላ አወጡ። "በዚህ ደካማ ተኪው። ጸጥ ይላል።"

እውነትም ጸጥ አለ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ብታዞረውም አልጮኸም። ጠንካራው ቱቦ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ማን እንደሚሠራው ግን አላሰበችም። ለተማሪዎቿ ብትሆን ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄዋ እሱ ይሆን ነበር።

ሐሙስ ለልምምድ ሲነፋ ድምፁ ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ ወጣ። ቶኩማ ፊቱን አጨማደደ። ጨምሮ ነፋ። አሁንም ለስላሳ ነው። የአንገቱ ሥሮች እስኪገተሩ ሲነፋ ድምፁ ተሰነጠቀ።

"አሁን መለሰልኝ!"

ዱረቲ በጨዋታው መሃል ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሲያፏጭ ሰማች። ሃርሞኒካውን ተቀብላ አየችው። ቀዳዳዎቹ ላይ ያለው ምራቅ ፈዛዛ ቀይ ነበር።

ጠንካራውን ቱቦ ከቦርሳዋ አወጣች። "ልመልሰው።"

"ቢጮህስ?"

"ይጩህ።"

"አዳራሽ ሙሉ ሰው ማን ሞተ ብሎ ሊነሳ? ተይው፣ ዱሬ። በዚያኛው የሚጫወተው ማሽኑ ነበር። በዚህኛው እኔ ነኝ።"

"ደም ነው'ኮ፣ ቶኬ።"

"አውቃለሁ።"

ቱቦውን ለመመለስ መፈታት ያለባቸው አራት ብሎኖች ብቻ ነበሩ። ዱረቲ ቱቦውን በመሐረብ እንደያዘች ቆየች። እሑድ በሩ ላይ ተደርድረው ያዩዋት ዓይኖች ትዝ አሏት፤ አሁን ግን ከአራት ጎረቤት ፋንታ አንድ አዳራሽ ሙሉ ነው። ደግሞ ፊቱን አየች። ቱቦውን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ቅዳሜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነፋ። ከበሮው ዝቅ አለለት፤ አዳራሹ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ድምፁ የኋላውን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ። ከዚያ ቶኩማ ጎንበስ አለ። ሰው ጨዋታው ያለቀ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያባራ የሸሚዙ ደረት በደም ቀላ።

ሆስፒታል ያደረሰው ባጃጅ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወጣና ልናተርፈው አልቻልንም አለ። ኮሪደሩ ላይ የቡድኑ ልጆች መሣሪያዎቻቸውን እንዳነገቱ ቆመዋል።

"በዚህ ሳንባ እንዲህ እንዲነፋ የፈቀደለት ማን ነው?" አለ ሐኪሙ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እኔ ነኝ" አለች ዱረቲ።

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። የሞቱን ቅጽ ከኮሪደሩ ጠረጴዛ ላይ አነሳ።

"ምኑ ነሽ?"

"እህቱ።"

ጻፈው።