ቀድማ የሰማችው

የክር ፋብሪካው ከተቃጠለ ሁለት ወር ሆኖታል። የልብስ ሰፊዋ ባል ከሦስተኛው ፎቅ በመስኮት ወርዶ ተረፈ፤ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ባልየው ቤት ውስጥ "ውሃ አቀብዪኝ" እና "በሩን ዝጊው" ከማለት በቀር የረባ ቃል አይወጣውም። ሚስትየውም ቁስሉን እንዳይነኩበት ብላ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደጅ ላይ ቀድማ ትቆምና "እባካችሁ፣ ያን ነገር እንዳታነሱበት" ትላለች። ሰውም እሺ ብሎ ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች።

"ባልሽማ አንደበቱ ተፈታ አይደል?" አለች፣ ለመለካት እጇን እንደዘረጋች።

"የማን ባል?"

"ያንቺ ነዋ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ የተረፉትን ልታጽናና ከተላከችው አማካሪ ጋር። ወንድሜን ላመጣ ሄጄ በመስኮት አየሁት። ቃሉ እንደ ቦይ ውሃ ይወርዳል እቴ፤ እሷም አገጯን ደግፋ ትሰማዋለች። ዐይን የምትገባ ልጅ ናት ደግሞ።"

"ወገብሽ ጨምሯል" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሩን ጠበቅ አድርጋ።

ለካ ማክሰኞና ዓርብ "ነፋስ ልቀበል" እያለ ሸሚዝ ቀይሮ የሚወጣው ወደዚያ ኖሯል። ሸሚዙን የምትተኩሰው ደግሞ እሷው ናት። አሥራ አንድ ዓመት አብራው የኖረችው እሷ፣ ሌሊት ሲቃዥ ግንባሩን የምትጠርገው እሷ፤ ወሬው ግን ለባዳ።

ዓርብ ባልየው ሳይወጣ ቀድማው አዳራሹ ደረሰች። አማካሪዋ ብቻዋን ወንበሮቹን ክብ አድርጋ ትደረድራለች። መልኳ እንደተወራው አልነበረም፤ ያም ልብስ ሰፊዋን አላጽናናትም።

"ባሌ ምን ይልሻል?" አለች ሰላምታውን ዘልላ።

"እዚህ የተባለ እዚሁ ይቀራል፣ እህቴ። እሱ ራሱ ከነገረሽ ግን የራሳችሁ ነው።"

"ሚስቱ ነኝ እኮ። ለኔ እንቢ ያለ ቃል ላንቺ በምን ወጣ?"

አማካሪዋ የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። "ጠይቄው ነው። አንቺስ ስትጠይቂው ምን አለሽ?"

ልብስ ሰፊዋ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ደጇ ላይ ያስቆመቻቸውን ሰዎች አሰበች። ከሁሉ አስቀድማ ያስቆመችው ራሷን ነበር።

አመሻሽ ላይ ባልየው ሲገባ ስፌቷን ትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ያን ቀን ምን ሆነ?"

ትክ ብሎ አያት። "መስማት የምትፈሪ መስሎኝ ነበር" አለ።

ከዚያ ነገራት። ደረጃውን ጭስ እንደሞላው፣ ጓደኛው እርጥብ ካፖርቱን አልብሶት "አንተ ቅደም፣ እኔ እከተልሃለሁ" እንዳለው፣ እሱም እንደቀደመ። አልተደናቀፈም። የቱ ጋ ዝም እንደሚል፣ የቱ ጋ ምራቁን እንደሚውጥ አስቀድሞ ያወቀ ይመስል ነበር። እሷም ገባት፤ ይህ መንገድ የተሄደበት ነው። እሾሁን ከሌላ ሴት ጋር ለቅሞ ጨርሷል፤ የመጀመሪያውን እንባም ያየችው ያቺ ናት። "እሷ ፊት አልቅሰሃል?" የሚለው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ዋጠችው። መራራ ነበር።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለችው።