ተመልሶ መጥለቅ

በሊ ሰን ደሴት ከባሕር ወጥቶ መገጣጠሚያውን የቆረጠመው ጠላቂ መፍትሔውን ያውቀዋል፤ የአየር ቱቦውን መልሶ በጥርሱ ይነክስና ሕመሙ እስኪለቀው ውኃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ይህንን ለታናናሾቹ የሚያስተምረው ቪን ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ደረቱን ነፍቶ አስተምሯል። ዛሬ ያን ጊዜ ሲያነሳ ራሱን «ያ ቂል» እያለ ነው የሚጠራው።

ግራ ዳሌው አላስቀምጥ አላስተኛ ሲለው ሚስቱ ሉው እየጎተተች ከባሕሩ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል አሻገረችው። ዶክተር ዚዬም የዳሌውን የራጅ ፎቶ አሳየችው። ለዓመታት ከጥልቁ እየተጣደፈ ሲወጣ ደሙ ውስጥ የተፈጠሩት አረፋዎች የደም ሥሩን ዘግተው፣ የጭኑ አጥንት ራስ እየሞተ ነበር።

«ታዲያ ተመልሼ ስጠልቅ የሚለቀኝስ?» አለ ቪን፣ ሊያርማት።

«ሕመሙ ይለቅዎታል ጋሼ። አጥንቱ ግን መሞቱን አይተውም።»

ደግነቱ አጥንቱ ገና አልተደረመሰም። ከገዛ ዳሌው መቅኒ ቀዳች፤ ሴሎቹን አጣርታ የሞተውን አጥንት በስታ አስገባችለት። ከያዘለት በራሱ አጥንት ይሄዳል፤ ከተደረመሰ ዳሌው ብረት ሊሆን ነው። ሁለት ወር እግሩን እንዳይረግጥበት፣ ባሕር ውስጥ ደግሞ እስከ ወዲያኛው እንዳይጠልቅ አስጠነቀቀችው። ቪን አንገቱን እየነቀነቀ እሺ አለ። እሺ ማለት መቼ ቸግሮት ያውቃል!

በሰባተኛው ሳምንት ዳሌውን ጠዘጠዘው። ሉው ነጭ ሽንኩርት ልትነቅል ማሳ እስክትወርድ ጠብቆ ታናሽ ወንድሙን ታክን ጠራው።

«አየር የሚልክልኝን ኮምፕሬሰር አስነሳልኝ።»

«ዶክተሯስ፣ ወንድምጋሼ?»

«ዶክተሯ ከባሕር ወለል ስንት ሎብስተር ይዛ ታውቃለች?»

ታክ አዝሎ ጀልባው ላይ አወጣው፤ ቱቦውን አስነክሶ ወደ ውኃው ለቀቀው። ሕመሙ ወዲያው ጠፋ። ቪን እዚያው ታች ሆኖ በሐኪሞች ሁሉ ላይ ሳቀ፤ ሲስቅም ጨዋማ ውኃ ጠጣ። ሊወጣ ሲል ግን እግሩ አልታዘዝ አለው። ከወደቡ የመጡ ሦስት ሰዎች ብብቱን ይዘው እንደ መረብ ጎተቱት። ወደቡ ላይ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች በሙሉ አዩት፤ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ሉው ጆሮ ገብቶ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለችው። «ለአጥንትህስ መቅኒ ተገኘ። ለጭንቅላትህ ከየት ይቀዳልህ ይሆን?»

በማግስቱ ታክ እንደገና አዝሎት ባሕሩን ተሻግረው ሆስፒታል ደረሱ። ፎቶው እስኪመጣ ቪን ፈርቶ ነበር። ዶክተር ዚዬም ፎቶውን አገላብጣ አየችው።

«ይዟል» አለች በመጨረሻ። «አዲስ አጥንት እየበቀለ ነው። በርስዎ ጥንቃቄ ግን አይደለም።»

ቪን ሊፎክር አፉን ከፈተ። እሷ ግን ታክን እያየች ነበር።

«እርስዎስ ለምንድን ነው የሚያነክሱት?»

ቪን ደነገጠ። መንገዱን ሁሉ ወንድሙ ጀርባ ላይ ሆኖ ሲንገጫገጭ ጥፋቱን ያላከከው በአስፋልቱ ላይ ነበር።

«ቀላል ነው» አለ ታክ እየሳቀ። «ከጀመረኝ ሁለት ዓመቱ ነው። ተመልሼ ስጠልቅ ይለቀኛል።»

እሱንም ፎቶ አነሱት። የእሱን ለማየት ጊዜ አልፈጀባትም፤ የሁለቱም ጭኖቹ አጥንት ራስ ተደርምሷል።

«ለእኔ እንዳደረግሽው አድርጊለት» አለ ቪን። «መቅኒውን ከእኔ ውሰጂ። ሁሉንም ውሰጂው።»

«አልፏል ጋሼ። ሴሎቹ የሚረዱት አጥንቱ ሳይደረመስ ነው። ከእንግዲህ ሁለቱም በብረት ነው የሚተኩት። መጥለቅም ዛሬውኑ ይቁም።»

ታክ ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር። ከሐኪሟ ይልቅ ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞረ።

«ወንድምጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ? እውነቷን ነው?»

ቪን በሕይወቱ ለማንም መልስ አጥቶ አያውቅም። አሁን ግን የወንድሙን ዓይን ማየት አልቻለም።

«እውነቷን ነው» አለ። «ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ።»