ጠባሳ የሌለው ሕመምተኛ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ሲሶ» ይለዋል። ከሚያወራው እውነቱ ሲሶው ብቻ ነው ለማለት ነው። እሱም አይቀየምም፤ «ሲሶውስ ያለው ስንት ሰው አለ?» ብሎ ምላጩን ይቀይራል። አንድ ክረምት ሱቁ ደጃፍ የደረሰውን ጎርፍ በፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁት ብሏል። ሰው ስቆ፣ ተላጭቶ ይሄዳል።

ችግር የመጣው ሙሉ እውነት ይዞ የተመለሰ ዕለት ነው።

ሐኪሙ ትልቁ አንጀቱ ላይ ካንሰር አግኝቶበት ነበር። ገና ጀማሪ፣ ከውስጠኛው ሽፋን ያላለፈ። ሆዱን ሳይከፍት፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ከታች ገብቶ አወጣለት። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣም የተቆረጠው ዳር ዳሩ ንጹሕ ሆነ፤ የቀረ ካንሰር የለም። ደስታውን ሳይጨርስ ሐኪሙ እህት ወንድም እንዳለው ጠየቀው።

«አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ።»

«እሷም ትታይ። ይሄ ነገር ቤተሰብ ይወዳል። በጊዜ ከተገኘ እንዳንተ ነው፤ ከቆየ ግን ሆድ መክፈት ይመጣል።»

ሆድ መክፈት ለእህቱ የሚነገር ቃል አልነበረም። አባታቸው ሆዱን ተከፍቶ ከአልጋው ሳይነሳ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ያለበትን መንገድ እንኳ ዞራ ነው የምታልፈው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰሞኑን ግን እየከሳች የገዛ ቀሚሷን ደጋግማ ስታጠብብ አይቷታል። ሥጋቱ እዚያ ላይ ነው።

ስፌት ቤቷ ሲገባ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ዳንክ?» አለችው።

«ዳንኩ እትዬ። አወጡልኝ።»

«እስቲ ቁስሉን።»

ሸሚዙን ገለጠ። ቦርጩ እንደ ድሮው ሙሉ ነው፤ ጭረት የለበትም።

«ጠባሳው የታለ?»

«በሆድ አልገቡማ።»

«በየት ገቡ?»

ነገራት። ከዕጢው ሥር ፈሳሽ ወግተው፣ ውኃ እንደቋጠረ ቆዳ ከፍ አድርገው፣ በኤሌክትሪክ በሚቆርጥ ስስ ሽቦ እንደላጡትም ነገራት። የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«ጎርፉን በማድረቂያ አደረቅህ፤ ይሁን አልኩ። አሁን ደግሞ ካንሰር እንደ ድንች አስላጥኩ ትለኛለህ? አባታችንን የቀደዱት ዘዴው ጠፍቷቸው ነው?»

«የሱ ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር እኮ። አንቺም ብትታዪ...»

«እኔን ተወኝ።»

ሲጨንቀው ምላሱ በለመደው መንገድ ሄደ። «ሐኪሙ እጁ ሲንቀጠቀጥ እኔ ነኝ አይዞህ ያልኩት። ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ቀኝ እያልኩ ቱቦውን መራሁት።»

መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ። ወሬ ሲያሳምር ሰው እያመለጠው እንደሆነ ገባው። ያን ጊዜ ለሚስቱም ያልነገራትን አወጣ።

«እሺ። አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት አጠጡኝና ከሽንት ቤት መውጣት አቃተኝ። በበሩ ቀዳዳ ለጎረቤት ልጆቼን አደራ ብዬ ተናዘዝኩ። ልጆቹ ውጭ ሆነው ቶሎ በል እያሉ ያንኳኳሉ።»

መርፌው ቀስ አለ።

«ሐኪም ቤት ደግሞ ከኋላው ክፍት የሆነ ጋውን አለበሱኝ። ቱቦውን ሳይ ሸሸሁ።»

«ወዴት?»

«እስከ ሊፍቱ። ክፍት መሆኑ ትዝ ያለኝ እዚያ ነው፤ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። ከዚያ የሚያስተኛውን መድኃኒት እስኪሰጡኝ የነርሷን እጅ ይዤ አለቀስኩ።»

«አለቀስክ?»

«እንደ ሕፃን። ስነቃ በአየር ተነፍቻለሁ። አየሩ ሲወጣ ክፍሉን አስጮህኩት። ነርሷ ጎበዝ፣ ድገመው አለችኝ።»

እህቱ መነጽሯን አወለቀች። ትስቃለች ብሎ ጠበቀ፤ አልሳቀችም፤ ትክ ብላ አየችው።

«ከሕፃንነትህ ጀምሮ ስታወራልኝ አንተ የሸሸህበት ወሬ ሰምቼ አላውቅም።»

ሸሚዙን ወደ ሱሪው መክተት ጀመረ።

«ሲቆርጡህ አልተሰማህም?»

«ምንም። የተጎዳው ክብሬ ብቻ ነው።»

መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ከመደርደሪያው ወፈር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጠመኔ አነሳች።

«ያ ጋውን እስከ የት ነው ክፍት የሚሆነው?»

«እስከ ታች ነው እትዬ።»

«የኔው ቁልፍ ይኖረዋል» አለች እያሰመረች። «ሲፈልጉ ይፈቱታል። ሂድ፣ ቀጠሮ ያዝልኝ፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።»