ከተማው የሚያውቀው የይለፍ ቃል

የመጽሐፌን ፋይል የቆለፈችው ሀምዲያ ናት፤ የቆለፈችውም ለእኔ አስባ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ዓርብ ጠዋት ስለ እሷ የተናገርኩት ሌላ ስለነበር ነው።

በኃይሉ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ተወልጄ በ2008 ዓ.ም. ጅግጅጋ የተመደብኩ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ አልክድም። በሰባት ዓመት ውስጥ ከገበያው፣ ከባጃጁ፣ ከመምህራን ማረፊያው የለቃቀምኳቸውን የሶማሊኛ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው በስድስት ደብተር ጻፍኩ፤ እንደ እኔ ከሌላ ክልል ተመድቦ የሚመጣ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት አፉ እንዳይያዝ ብዬ። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ሀምዲያ አራት ወር ሙሉ ስትተይብልኝ ከረመች። ሰኞ አዲሶቹ መምህራን ይገባሉ። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ፣ ዓርብ ለጁምዓ ሳልዘጋ ካላደረስክ ተራህን ለሌላ ሰጥቼ አንተን ከሁለት ወር በኋላ አይሃለሁ ብሎኛል።

ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ብቻ ሆድ ያስብሰኛል፤ አምስተኛው፣ ስለ ቅጽል ስም የሚያወራው። እዚህ ዐብዲውም መሐመዱም ብዙ ስለሆነ ሰው የሚለየው ሰፈር ባወጣለት ስም ነው። ረጅሙን ረጅም፣ አንካሳውን አንካሳ ይሉታል፤ ባለቤቱም አቤት ይላል፣ የሚቀየም የለም። "ለእኔስ ምን አወጣችሁልኝ?" እያልኩ ስንቱን ጠየቅኩ። "አንተማ መምህር ነህ" ብለው ወሬ ይቀይራሉ። ሰባት ዓመት ኖሬ እንግዳ መሆኔ ነው ማለት ነው።

ሀምዲያ ሐሙስ ዕለት ፋይሉን በፍላሽ ሰጥታኝ፣ እህቷ ልትወልድ ስለደረሰች ወደ አዲጋላ ሄደች። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ልከፍተው ስል የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ደወልኩላት።

"ሰው እንዳይገለብጥብዎት ብዬ ነው የቆለፍኩት፣ መምህር። ራሴ ልከፍትልዎት ነበር፤ በጥድፊያ ረሳሁት።"

"ግድ የለም። ፓስወርዱ ምንድን ነው?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እሱንም ረሳሁት።"

ሀምዲያ ልትረሳ! የተማሪውን ሁሉ ስም ከነአያቱ በቃሏ የምትይዝ ሴት! የእሷን ስም ሞከርኩ፤ የትምህርት ቤቱን፣ የስልኬን ቁጥር፣ ጅግጅጋን በትልቁም በትንሹም ፊደል ሞከርኩ። አልከፍትም አለኝ። ስሟን እያነሳሁ እየተራገምኩ ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ ዐብዱልቃድር ሮጥኩ።

ዐብዱልቃድር ከመናኸሪያው ጀርባ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ደጁ ላይ ሳህራ ሻይ ትሸጣለች። የሁለቱም የሰባት ዓመት ደንበኛ ነኝ። ፋይሉን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"የድሮ ዓይነት ቢሆን ሰብሬ እገባ ነበር። ይሄ አዲሱ ነው። ቃሉን እየገመተ የሚሞክር ፕሮግራም አለኝ፤ ቃሉ ረዘም ካለ ግን ወላሂ ዓመትም አይበቃው።"

"ዓመት? ሁለት ሰዓት ነው የቀረኝ!"

"አትጩህ፣ መምህር። ቁልፍ ከመስበር የቆለፈውን ሰው መጠየቅ ይቀላል። ሀምዲያ ደግሞ አትረሳም።"

ስልኬን ተቀብሎ ወደ ደጅ ወጣ። በመስኮቱ አየዋለሁ። መጀመሪያ በቁም ነገር አዳመጠ፤ ከዚያ ግንቡን ተደግፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ለሳህራ በጆሮዋ ነገራት። ሳህራ ፔርሙዙን አስቀምጣ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። የእኔ ደም ፈላ።

ተመልሶ ገባና ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። "እንዳትቆጣ ማልልኝ።"

"በማርያም አልቆጣም! ክፈተው ብቻ!"

"እየነገርኩህ ልጻፈው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ዴግዌይኔ።"

ፋይሉ ተከፈተ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጼ ከነምዕራፉ ፊቴ ተዘረጋ። እኔ ግን ፋይሉን አላየሁም። ዴግ ማለት ጆሮ ነው፤ ዌይኔ ማለት ትልቁ። ሁለቱንም በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጄ ሳላዘው ወደ ጆሮዬ ሄደ።

"እኔን ነው?"

"አንተን ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣህበት ሳምንት። ጅግጅጋ ውስጥ በኃይሉ ብለህ ብትጠይቅ የሚያውቅህ የለም። ዴግዌይኔ ካልክ ሕፃን ልጅ ቤትህ ድረስ ይወስድሃል። ሀምዲያም እንዳልረሳው ብላ ነው ያደረገችው፤ ለአንተ መንገር ግን አፈረች።"

"ለምን ደበቃችሁኝ ታዲያ?"

"የእናንተ አገር ሰው ስለ መልኩ ሲነገረው ይቀየማል ብለን። አንተ ደግሞ..."

"እኔ ደግሞ ምን?" ብዬ ጮህኩ።

"ይኸው!" አለች ሳህራ ከበሩ።

መሳቅ ጀመርኩ፤ ማቆም አቃተኝ። እናቴ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ትል ነበር። ይህን የሚያህል ጆሮ ይዤ ሰባት ዓመት ሙሉ የገዛ ስሜን አለመስማቴ! ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሁሉም የሳቅ እንባ አልነበረም። እንግዳ ነኝ ብዬ ሳዝን፣ ለካ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሰፈር ሰው ነበርኩ።

ዐብዱልቃድር ቁልፉን ከፋይሉ ላይ አነሳልኝ። እዚያው ተቀምጬ አምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ዴግዌይኔን ከነፍቺው ጨመርኩ፤ ሽፋኑ ላይም ከስሜ ቀጥሎ ጻፍኩት። ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረስኩ። ባለቤቱ ሽፋኑን አነበበ፣ ቀና ብሎ ጆሮዬን አየና የመረከቢያ ወረቀቱን ፈረመልኝ።

ማታ ሀምዲያ ደወለች። እህቷ ወንድ ልጅ ወልዳለች።

"ተቆጡ እንዴ፣ መምህር?"

"ተቆጥቻለሁ። ሰባት ዓመት ዘግይተሽ ነው የነገርሽኝ።"

ሰኞ አዲሶቹን መምህራን ይዤ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ሳህራ ከማዶ ተጣራች።

"ዴግዌይኔ! ሻይህ ቀዘቀዘ!"

መምህራኑ ማንን እንደምትጠራ ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር አሉ።

"አቤት!" አልኩ።