ሰባት ቁጥር ላይ የቀረው ፎቶ

መምህርቷ የዚያን ቀን የምታስተምረው ድረ ገጽ ላይ ፎቶ ማስገባትን ነበር። አስረኛ ክፍሎች ደግሞ ፎቶ ሲባል ነፍሳቸውን ይስታሉ። አንዷ ተማሪ የውሻዋን ፎቶ አስገብታ ገጹን አጠገቧ ላለችው ጓደኛዋ ላከችላት። ጓደኛዋ ጋ ሲከፈት ግን ውሻም የለ፣ ጅራትም የለ፤ ባዶ ሳጥን ብቻ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ጠጋ ብላ ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባት። ልጅቷ ፎቶውን ከገጹ ጋር አላስቀመጠችውም፤ ለገጹ የሰጠችው አድራሻ የራሷን ኮምፒውተር ጓዳ ነው። ስለዚህ እሷ ጋ ይታያል፣ ሌላ ሰው ጋ አይታይም። ይህን አስረድታ፣ አሳርማ ቀና ስትል የራሷ ሳቅ ጠፋ። እሷም በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ዕድሜ፣ ይህንኑ ስህተት ሠርታ ነበር። የእሷ ግን ውሻ አልነበረም፤ አባቷ ነው።

ያኔ እኮ እንደ አሁኑ ሁሉም በየወንበሩ ተንደላቆ አይቀመጥም። በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሆነው ይጋፉ ነበር፤ አንዱ ኪቦርዱን፣ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሦስተኛው አፉን ከፍቶ ተራውን ይጠብቃል። አስተማሪያቸውን ጋሽ ዝጋው ይሏቸው ነበር። ስማቸው አይደለም። ድረ ገጽ ሲሠራ በምልክት የተከፈተ ሁሉ በምልክት መዘጋት ስላለበት፣ ቀኑን ሙሉ «ከፈትክ? ዝጋው» ሲሉ ስለሚውሉ ተማሪ ያወጣላቸው ነው። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይለቋቸውም፤ ገጹን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ያስጽፏቸዋል። የኮምፒውተር ትምህርት በጠመኔ፣ ጉድ እኮ ነው። ግን ያስተማራትም ያው ጠመኔ ነው፤ ዛሬ ሁሉ ነገር ተሟልቶላት ያ ግፊያ ይናፍቃታል፣ ምን ይደረግ።

የዓመቱ ሥራቸው ስለ ቤተሰብ ሙያ ገጽ መሥራት ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ በስፌት መኪናው ላይ ሆኖ የተነሳውን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ ሰጣት፤ እሷም በስካነር ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችው። በወላጆች ቀን ሲመጣ ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችው። ራሱን ሲያይ እኔን እዚህ ምን አስገባኝ ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ያየው ገጹ በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ነውና ስህተቱን ያወቀ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አባቷ አረፈ። ከዚያ ደግሞ ጣሪያው አፍስሶ የቤቱ ፎቶ ሁሉ፣ ያም ጭምር፣ የተቀመጠበት ሻንጣ ውስጥ ውሃ ገባ፤ ያ ሁሉ ፎቶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀረ። የተረፈችው አንዲት የመታወቂያ ጉርድ ናት፤ እሷም ላይ ግማሽ ፊቱን ማኅተም በልቶታል።

አሁን የእናቷ ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪሙ ይብሳል እንጂ አይመለስም ብሏል። እናቷ እንደሆነች ስለ ዓይኗ አንዲት ቃል አላማረረችም፤ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባትሽን አንዴ አሳዪኝ፤ ትልቅ አድርገሽ፣ ሳይጨልምብኝ።»

ገጹ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ፎቶው ግን አይታይም ብላ ብታስረዳት፣ ላም አለኝ በሰማይ በይኛ ብላ ፊቷን አዞረች።

ገጹ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ በባዶው ሳጥን ጥግ «አባቴ» የምትል ቃል ተቆርጣ ትታያለች። የገጹን ውስጥ ከፍታ ስታነብ የፎቶው አድራሻ የሚመራው ወደ ሰባት ቁጥር ነው። ሰባት ቁጥር ደግሞ ከሌሎቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር መጋዘን ተከምሯል፤ ነገ መኪና መጥቶ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። ከክፍል እንደወጣች ቀጥ ብላ መጋዘን ገባች፤ ከአቧራው ስር ጎትታ አወጣችው። ቁጥሩ በጥፍር ቀለም እንደተጻፈ ነው። ብትሰካው እምቢ አለ። ቢቸግራት ጋሽ ዝጋው ጋ ደወለች። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን ካቻቢቴያቸውን በኮት ኪሳቸው ይዘው ከተፍ አሉ።

ሰላምታው ሳያልቅ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ክዳኑን ፈቱት። አቧራውን እፍ አሉ፣ አንድ ገመድ ነቅለው መለሱ፣ ዛሬም ትቸኩያለሽ እያሉ ወቀሷት። ኮምፒውተሩ እንደ ሽማግሌ አጉረምርሞ ተነሳ። ፎልደሩን ፈለገች፣ የለም። ሌላ ቦታ ፈለገች፣ የለም። ጋሽ ዝጋው ግን ስክሪኑን ትተው የተከፈተውን የኮምፒውተር ሆድ ሲያዩ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ዲስኩ የድሮው አይደለም፤ የድሮው ተበላሽቶ ከዓመታት በፊት ተጥሏል። መምህርቷ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። እሳቸውም አላባበሏትም፤ የፈቱትን ክዳን መልሰው ገጠሙ።

በኋላ ገጹን በላፕቶፕሽ ክፈቺልኝ፣ ውስጡን አሳዪኝ አሏት። የፎቶው መስመር ረጅም ስለሆነ ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ይሄዳል፤ እሷ አድራሻው ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቁማ ነበር።

«ልጄ፣ ወደ ቀኝ ጎትቺው» አሉ። «ፎቶው ባይመጣ፣ ወይም የሚከፍተው ሰው ዓይኑ ባያይ፣ የሚነበብለት ጻፉ እያልኩ አሰቃያችሁ አልነበር?»

እውነትም ያሰቃዩዋቸው ነበር። ተማሪው ፎቶው እያለ ምን ያስጽፈናል እያለ ያጉረመርም ነበር። ጎተተችው።

ቤት ስትደርስ በእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መጀመሪያ እውነቱን ነገረቻት፤ ፎቶው ጠፍቷል፣ አይገኝም። እናቷ እሺ አለች። ከዚያ መምህርቷ በአሥራ አምስት ዓመቷ የጻፈችውን አነበበችላት።

«አባቴ በስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ግራ እጅጌው ተጠቅልሏል፣ ቀኙ አልተጠቀለለም። ወደ ካሜራው እያየ ይስቃል።»

እናቷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ሲስቅ አይደለም» አለች። «ስፒል ነክሶ ነው። እኔ ከፎቶ አንሺው ኋላ ቆሜ አሾፍበታለሁ፤ ቢስቅ ስፒሉ ይወጋዋል። ከንፈሩን ገጥሞ በዓይኑ ሳቀ።»

መምህርቷ ያን ፎቶ ስታየው ስታየው አድጋ አንድም ቀን ስፒሉን አላየችም። «ይስቃል» የሚለውን አጠፋችና እናቷ እንዳለችው ጻፈች፤ መልሳም አነበበችላት።

«እሱ ነው» አለች እናቷ፤ ጉንጯ ረጥቧል። «እጅጌውንም የምጠቀልልለት እኔ ነበርኩ። ግራውን ጨርሼ ቀኙን ልይዝ ስል ፎቶ አንሺው ዞር በይ ብሎ አስነሳኝ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጻፊው።»

መምህርቷ ጻፈችው።