በበሩ ፊት የተተከለው ሰሌዳ

አራፕ ቢርገን ድጅኖአቸውን አንስተው የብረቱን ምሰሶ ሥር ሊመቱ ሲሉ ታፕኪገን ሮጣ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር።

"ልቀቂኝ፣ የጄሮቲች እናት። ይሄ ነገር እዚህ አያድርም።"

"እሱ ካላደረ እኛስ የት ልናድር ነው?"

አራፕ ቢርገን የሟቹ ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ነገ ልጇን ጄሮቲችን የሚድሯት እሳቸው ናቸው። ሙሽሮቹ በበሩ ፊት፣ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ በወይራ ቅርንጫፍ የታሰረውን የቤተሰቡን መጸለያ እንጨት አራት ጊዜ መዞር አለባቸው። ያ ካልሆነ ቄሱ የፈለገውን ቢባርክ፣ ለሽማግሌዎቹ ጋብቻው ጋብቻ አይደለም። ታፕኪገን ራሷ የተዳረችው እዚያው ዞራ ነው።

እንግዲህ ጠዋት እሷ ገበያ ወርዳ ሳለ የአውራጃው ሠራተኞች መጡ። ክፋት አልነበራቸውም፤ የሌላ አገር ልጆች ናቸው። መጸለያው የደረቀ ማገዶ መሰላቸውና ነቅለው ሻይ አፈሉበት። በነቀሉበት ጉድጓድ ደግሞ የቅርስ ሰሌዳቸውን ተከሉ፦ "በዚህ ሜዳ የተሠራ የመጀመሪያው ቤት" ይላል። ዛሬ እነታፕኪገን የሚኖሩበትን ይህን ቤት የሠሩት ድሮ በበሬ ጋሪ የመጡ ነጮች ናቸው። የአራፕ ቢርገንን አያት ጎጆ አቃጥለው፣ አመዱ ላይ ነው ድንጋይ የደረደሩት። ሰሌዳው ስለ ጎጆው ትንፍሽ አይልም።

ሠራተኞቹን ይዞ የመጣው ሹም ዋፉላ በአጥሩ በኩል ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

"እማማ፣ ይንገሯቸው እንጂ። ቤቱን የሚያድነው ይሄ ሰሌዳ ብቻ ነው። መሬቱን የሚፈልገው ባለሀብት ነዳጅ ማደያ ሊሠራበት አፍራሽ መኪናውን አሰናድቶ ነው የሚጠብቀው። ሰሌዳው ከወደቀ እኔ አላስጥላችሁም።"

"ትንሽ ወደዚያ ብታደርገውስ፣ ልጄ?"

"ቦታው ጸድቋል። ለማዛወር እንደገና ስብሰባ ነው፣ ወራት ይፈጃል።"

"የእኛም ቦታ ጸድቋል፤ ያጸደቀው አያቴ ነው" አሉ አራፕ ቢርገን፣ ድጅኖውን እንደገና እያነሱ።

ታፕኪገን ፈራች። ቤቱን ብታድን ልጇ በሽማግሌዎቹ ፊት ሳትዳር ልትቀር ነው፤ ልጇን ብትድር ደግሞ ቤት የለም። ለሁለቱም አለቀሰች፤ ግን እንባዋን ሳትጠርግ ገጀራውን ከደጃፉ አንስታ ወደ አጥሩ ሄደች። እዚያ ከበቀለው ወይራ አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ ቆርጣ ተመለሰችና በአራፕ ቢርገን እግር ሥር አኖረችው። ማሰር የሴት ሥራ አይደለም።

"እዚሁ ምሰሶው ላይ ይሰሩልኝ።"

"በብረት ላይ?"

"በእንጨቱማ ሻይ አፈሉበት።"

ሽማግሌው ብረቱን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ድጅኖውን ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ አነሱ። ከሥር ጀምረው እያሰሩ ወጡ፤ ሰሌዳው ጋ ሲደርሱም አላቆሙም።

"እማማ፣ ጽሑፉ እኮ ተሸፈነ" አለ ዋፉላ።

"ቅጠሉ ሲረግፍ ታነበዋለህ" አለችው፤ "እስከዚያ የጄሮቲች ታናሽም ለመዳር ትደርሳለች።"

የቀረውን ቅርንጫፍ ለአራፕ ቢርገን አቀበለቻቸው።